ዋጋው በድርድር

ልጅቷ ስትዋሽ እናትየዋ ሰማች። አድፍጣ አይደለም፤ ክፍሉን ለሁለት የከፈለው ቺፑድ ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርም። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ መጋረጃ ሰፊዋ እናት ማሽኗ ላይ ተደፍታ የአንድ ክሊኒክ መጋረጃ ጫፍ ጫፉን ስታጥፍ፣ ከቺፑዱ ወዲያ ልጇ በስልክ ለጓደኛዋ፣ «ላፕቶፔን እኮ ጥገና አስገብቼው ነው፤ ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱኝ፤ የማይረቡ ሰዎች!» ስትል ጆሮዋ ጥልቅ አለ። ምን ላፕቶፕ? የምን ጥገና? በዚያ ቤት ላፕቶፕ የሚባል ነገር በበሩ አልፎ አያውቅም። ልጅቷ የሕንፃ ንድፍ ስትማር ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ የቤት ሥራዋን የምትሠራው መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ነው፣ ሲብስም የጓደኛ ላፕቶፕ ለምና ነው። ውሸቱ ደግሞ በደንብ የተጠና ውሸት ነው፤ የሌሉትን ጠጋኞች ሳይቀር ታማቸዋለች! እናትየዋ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። ማሽኑ ዝም ሲል ልጅቷም መሰማቷን አወቀችና ስልኩን ዘጋች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ወጣች። «መምህሩ ከሰኞ ጀምሮ ላፕቶፕ ያልያዘ ክፍሌ ድርሽ እንዳይል ብሏል» አለች። «መቼ ነው ያለው?» «ቆየ።» «ታዲያ አትነግሪኝም?» ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። ምን ብላ ትንገራት? እናትየዋ መልሱን ራሷ ታውቀዋለች፤ በልጇ ፊት አፈረች።

ያላት አሥራ አምስት ሺህ ነው፤ ለአዲስ የስፌት ማሽን ብላ ከዚህም ከዚያም ያጠራቀመችው። ያሁኑን ማሽን ወንድሟ ሥራ በጀመረ ሰሞን በመጀመሪያ ደመወዙ ነበር የገዛላት፤ አርጅቶ ክር እየበጠሰ መከራዋን ያሳያታል። «ማሽኑ ገና ነው፤ ይሠራል። ነይ ቁጭ በይ» አለችና መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ጨርቅ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። እናትና ልጅ አንዲት ስልክ ላይ አናት ለአናት ገጥመው የመሸጫ ገጹን ያገላብጡ ጀመር። አዲሶቹን በካርቶናቸው አዩአቸው፤ ዋጋቸውን አንብበው ተሳሳቁና አለፏቸው። «ይኼ ራም ስምንት የሚለው ምንድነው?» «እማዬ፣ ብዙ ሥራ አንዴ ሲጭኑበት እንዳይደናበር ነው። ከስምንት ካነሰ የኛን ፕሮግራም አይከፍትም።» «እንግዲያው ከስምንት በታች ያለው ዞር ይበልልኝ።» አንዱ ፎቶው የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋውም ለማመን የሚያስቸግር ነበር፤ ሲጠይቁት «ግማሹን አስቀድማችሁ ላኩ» አለ። «ሌባ!» አለች እናትየዋ፣ ሰውየው የሚሰማት ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። የሌላው ባትሪ ሞቷል። የሌላው ስክሪን በመሃሉ መስመር ወርዶበታል። እሷ ላፕቶፕ አታውቅም፤ ጨርቅ ግን ታውቃለች፤ ጨርቅ ስትገዛ መሃሉን ሳይሆን ዳሩን ነው የምታየው። ስለዚህ ፎቶውን ሁሉ በሁለት ጣቷ እየለጠጠች ጠርዝ ጠርዙን መረመረች። በመጨረሻ ቀልቧ ያረፈው አንድ ጥቁር ላፕቶፕ ላይ ነው። ራሙ ስምንት፣ አንድ ሰው ብቻ የተጠቀመበት፣ ሃያ ሁለት ሺህ፤ ከሥሩ «ዋጋው በድርድር» ይላል። ሻጩ በስሙ ፋንታ «ታማኝ ሻጭ» ብሎ ጽፏል። «ታማኝ ነኝ የሚል ሰው አያስፈራሽም?» አለች ልጅቷ። «እኔ ያየሁት በድርድር የሚለውን ነው» አለች እናትየዋ።

እንግዲህ ይህችን ሴት ጨርቅ ነጋዴዎቹ መቀስ ነው የሚሏት። ከዋጋ ላይ ሳትቆርጥ የወጣችበት ሱቅ የለም፤ ከሩቅ ሲያዩዋት «መቀስ መጣች፣ ጨርቃችሁን ሰብስቡ» ተባብለው ይሳሳቃሉ። ስሙ ደስ ይላታል፤ ለምን ትዋሻለች፣ በጣም ነው ደስ የሚላት። ስልኩን ከልጇ እጅ ወሰደች። የልጅቷ ገጽ ላይ ያለው አንድ የአበባ ሥዕል ብቻ ነው፤ ከአበባው ጀርባ ማን እንደተቀመጠ ማንም አያውቅም።

«ሰላም ወንድሜ፣ የመጨረሻው ስንት ነው?»

«ሰላም እህቴ። ለአንቺ ሃያ አንድ ይሁን።»

«ለምንድነው የምትሸጠው?»

«አዲስ ስለገዛሁ ነው።»

«አሥራ ሁለት።»

ሰውየው ለጊዜው ጠፋ። ሲመለስ ረጅም ጽሑፍ ይዞ መጣ፤ አራት ነጥቡ ሁሉ በቦታ በቦታው የተቀመጠ፣ የቢሮ ሰው ጽሑፍ። ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ እንዴት ቶሎ እንደሚነሳ፣ አንድም ቀን ከእጁ ወድቆ እንደማያውቅ አብራራ። መቀስ አንብባ ስትጨርስ፣ «ግራ ጎኑ ላይ ማጠፊያው የላላ ይመስላል። ደግሞ አሮጌ ነው» ብላ መለሰችለት። ሃያ አለ። አሥራ ሦስት አለች። አሥራ ስምንት ሲል ዝም አለችው፤ ዝም ማለት ዋጋ እንደሚያወርድ ከሱቅ ሱቅ ተምራዋለች። እውነትም ራሱ መጣ። «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ቸግሮኝ ነው እንጂ በዚህ ዋጋ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። ትንሽ እዘኚልኝ።» እሷም ሳታመነታ፣ «የቸገረው ሰው ዋጋ አይከራከርም ወንድሜ» ብላ ጻፈች። ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «እማዬ! ኧረ አንቺስ አንጀት የለሽም!» እናትየዋም ሳቀች። ገና ሳቋን ሳትጨርስ መልሱ ደረሰ፤ «እሺ፣ አሥራ አምስት። ዛሬ ከወሰድሽው።» ልጅቷ ከመቀመጫዋ ዘልላ ተነሳች፤ እናቷን ግንባሯ ላይ ሳመቻትና የእናቷን ስልክ አንስታ ከቺፑዱ ወዲያ ሮጣ፣ «ስሚኝማ፣ ላፕቶፔ ተጠግኖልኝ ዛሬ ይመጣል!» ስትል ተሰማች።

መቀስ ግን ገንዘብ ሳትከፍል አንድ የመጨረሻ ነገር ትጠይቃለች፤ ልማዷ ነው። «አብርተህ ፎቶ አንሳና ላክልኝ» አለችው። ላከላት። የቀድሞዎቹ ፎቶዎች ባዶ ጠረጴዛ ብቻ ነበር የሚያሳዩት፤ ይኼኛው በጥድፊያ መስኮት አጠገብ የተነሳ ነው። በሁለት ጣቷ ለጠጠችው። ስክሪኑ ደህና ነው፤ ጠርዙም ደህና ነው፤ ከጠርዙ ወዲያ መጋረጃ አለ። መጋረጃ እንጀራዋ ነውና ሳታስበው ዓይኗ ወደዚያ ሄደ። ክሬም ቀለም ነው፣ ታቹ ላይ ወይን ጠጅ ጥብጣብ ዞሮበታል። ጥብጣቡን የሚያይ ሰው ጌጥ ይመስለዋል፤ ጌጥ አይደለም፤ ጨርቁ ለመስኮቱ ስንዝር አንሶ፣ ከሌላ ሥራ በተረፈ ቁራጭ የተቀጠለ ነው። ወደ ቀኝ ጥጉ ሲደርስ ወይን ጠጁ ክር አልቆ የመጨረሻው ስፌት በቡናማ ክር ተጨርሷል። ያን ጊዜ «ማን ያየዋል» ብላ ነበር። ይኸው እሷው አየችው። እንዲህ ያለ መጋረጃ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ እሱም የታላቅ ወንድሟ ሳሎን ውስጥ ነው፣ አዲሱ ቤት ሲገቡ በእጇ ሰፍታ የሰጠችው።

ጋሼ! የቤተሰቡ ትልቅ ሰው፣ የአንድ ትልቅ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ፣ ከረባቱ ሳይታሰር ከቤት የማይወጣ፣ ሰው ሲጨንቀው ወደሱ የሚሮጥለት ጋሼ። ተሳስቼ ይሆናል ብላ ፎቶውን ደግማ ለጠጠችው። ቴሌቪዥኑ ተሰቅሎ የነበረበት ግድግዳ ላይ ሚስማሮችና ከሌላው የነጣ አራት ማዕዘን ቀርቷል። የብርጭቆ ቁምሳጥኑ የለም። ሶፋው የለም፤ በቦታው አንዲት የፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች፣ ጀርባዋ ላይ የምታውቀው ግራጫ ኮት ተሰቅሎባታል። ስንት ወራት ነው ሚስቱ «ቀለም እያስቀባን ነው፤ ቤቱ ትርምስምሱ ወጥቷል፤ አትልፉ፣ እኛው እንመጣለን» እያለች ያስቀረቻቸው? እሷ ደግሞ «አይ ሀብት፣ ቀለም መቀባቱ እንኳ አያልቅላቸውም» ብላ በሆዷ ስትቀና ነው የከረመችው። ወይ ጉድ! ለካ ጋሼ ሥራ አጥቶ ዕቃውን እየሸጠ ነው የሚኖረው! ሥራው የቀረበትን ቀን ማንም አልነገራት፤ እሷም አልጠየቀች። ወደላይ ተመልሳ የጻፈችውን አንድ በአንድ አነበበችው። አሥራ ሁለት። አሮጌ ነው። የቸገረው ሰው ዋጋ አይከራከርም ወንድሜ። ወንድሜ ማለቷ ደግሞ ከሁሉ ባሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ማንነቷን ብትገልጥለት ጋሼን በቁሙ መግደል ነው። ዕቃውን ብትተወው ያቺን ገንዘብ ለአንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ልጇም ሰኞ ከክፍል ውጭ ትቆማለች። ስለዚህ፣ «ወንድሜ፣ ሳስበው በድዬሃለሁ። መጀመሪያ ባልከው በሃያ ሁለት ይሁን» ብላ ጻፈች። ሰባቱን ሺህ ከየት እንደምታመጣው አላሰበችበትም፤ ከክሊኒኩ ቅድሚያ እጠይቃለሁ ብላ ይሆናል። መልሱ ዘገየ። ሲመጣም፣ «እህቴ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከገንዘብ ጋር ነው የሠራሁት፤ ራሱ ዋጋ የሚጨምር ገዢ ግን አይቼ አላውቅም። ማጭበርበር አስበሽ ከሆነ ይቅርብኝ። አሥራ አምስት ብያለሁ፣ አሥራ አምስት ነው» የሚል ነበር። አጥብቃ ብትለምነው ምናልባት እሺ ይል ነበር። አንድ ምክንያት ፈጥራ ልታሳምነው ትችል ነበር፤ ለምላስ መቼም አታንስም። አልለመነችም። «እሺ» ብላ ጻፈች። ስትጽፍም ደረቷ ቀለል አላት፤ ሰባት ሺህ ተረፈኝ ብላ ደስ አላት እኮ! አፍታም አልቆየ፣ ግን ራሷን እጅ ከፍንጅ ያዘችው። ጠዋት ሳታውቅ ያደረገችውን ማንም ይቅር ይላታል፤ ይህችን ግን አውቃ ነው ያደረገችው።

ገንዘቡን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጨርቅ ቁራጭ ጠቀለለችው። ጠረጴዛው ላይ መቼም ሰማያዊ የስፌት ጠመኔ አይጠፋምና የብሮቹ ዳር ዳር ሰማያዊ ሆነ። መጋረጃ የሚያመላልስላትን ሞተረኛ ጠርታ ላከችው። ሻጩ ቤቱን አልተናገረም፤ «ፋርማሲው ጥግ እጠብቃለሁ» ነው ያለው። ጋሼ፣ ፋርማሲ ጥግ! ሞተረኛው ተመልሶ ላፕቶፑን ሲያስረክባት ወሬውንም ጨመረላት። «ሰውየው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶት፣ የተሰረቀ ዕቃ የሚሸጥ ነው የሚመስለው። ገንዘቡን ሳያየው ኪሱ ከተተው። ላፕቶፑን ግን መልቀቅ አቃተው፤ በእጅጌው ይወለውለዋል፣ ደግሞ ይወለውለዋል። ሞተሬን ካስነሳሁ በኋላ ጠራኝና፣ ‹ሲከፍቱት ግራ ጎኑን በመዳፍ ደገፍ ያድርጉት በላቸው› አለኝ። ጨዋ ሰው ነው።» ልጅቷ እንደተባለችው ግራውን በመዳፏ ደግፋ ከፈተችው። ፕሮግራሙን ጫነች፤ ሠራላት፤ በደስታ መቆሚያ መቀመጫ አጣች። እናትየዋ እያየቻት ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት። «ዛሬ ጋሼ ሲመጣ እንዳታወጪው» አለች። «ለምን?» «ዓይን አለ።» «የጋሼ ዓይን?» «አትመልሽልኝ አልኩ!» ልጅቷ ቅር ብሏት ላፕቶፑን ከክሊኒኩ መጋረጃዎች ሥር አስገባችው።

ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ይመጣል። ዛሬም መጣ፤ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ እንደ ወትሮው ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ። እህቱ ሻይ አቀረበችለት። ሌላ ጊዜ ገና ሳይቀመጥ «እስቲ መቀስ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን አስለቀስሽ?» ብሎ ይቀልድባት ነበር፤ ዛሬ እሱም አልቀለደ፣ እሷም ባለመቀለዱ አምላኳን አመሰገነች። «ባለቤትህ ደህና ናት?» አለችው። «ደህና ናት። ቀለሙ አስቸገረን እንጂ።» «ቀለም ያስቸግራል።» «ሽታው ነው።» «አዎ፣ ሽታው።» ከዚህ በኋላ ሁለቱም ሻያቸውን አማሰሉ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለውን ያላለቀ መጋረጃ አየና፣ «ጎበዝ ነሽ፤ የኛን ቤት መጋረጃ ያየ ሁሉ ማን ሰፋላችሁ ይላል» አላት። ማን ነው የሚያየው? ማን ይገባል እዚያ ቤት?

ሻዩን ጨርሶ የእህቱን ልጅ ጠራት። «ባለፈው ቅዳሜ እናትሽ ሻይ ልታፈላ ወጥታ እዚሁ ተቀምጬ፣ ላፕቶፔ ጥገና ላይ ነው ስትዪ ሰምቼሻለሁ» አላት ፈገግ ብሎ፤ ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «አትፈሪ፤ እኔም በትምህርት ቤት ዘመኔ ጫማዬ ሁልጊዜ ሊስትሮ ጋ ነበር። እንኪ እንዳልልሽ የራሴ ላፕቶፕ… እሷ እንኳ ተበላሽታ ጣልኳት። ይችን ያዢ፤ ለመጀመሪያ ትሁንሽ፤ የቀረውን ደግሞ እናያለን።» ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ገንዘብ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። እናትየዋ አየችው። ዳር ዳሩ ሰማያዊ ነው። «ጋሼ፣ ተው፣ አይሆንም» አለች። «ምን አገባሽ አንቺ፣ ከልጄ ጋር ነው የማወራው» አለ እንደ ድሮው ኮራ ብሎ። ልጅቷ ገንዘቡን እንደያዘች አንዴ እናቷን፣ አንዴ አጎቷን አየች። ለተገዛ ላፕቶፕ መግዣ መቀበል ሌብነት መሰላት፤ የዛሬው ውሸት በቅቷታል። «ጋሼ፣ እኔ አልዋሽህም፤ ገዝተናል እኮ!» አለችና እናትየዋ ልታስቆማት እጇን ሳትዘረጋ ከመጋረጃዎቹ ሥር መዥረጥ አድርጋ አወጣችው። ወሬውንም ዘረገፈችው። «ይኸው! እማዬ ናት፤ ከሃያ ሁለት አሥራ አምስት አወረደችው! ሰውየው ቸግሮኝ ነው ብሎ ሲለምናት ምን ብትለው ጥሩ ነው? ‹የቸገረው ሰው ዋጋ አይከራከርም!›»

ጋሼ እጆቹን ዘረጋ፤ ሰጠችው። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ከዚያም ግራ መዳፉን ከማጠፊያው ሥር ሰደደና ደገፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ከፈተው። ደግፈህ ክፈተው ያለው ሰው የለም። ልጅቷ ልታወራ የጀመረችው ሌላ ነገር ነበር፤ አፏ ላይ ቀረ። የአጎቷን መዳፍ አየች፤ እናቷን አየች፤ እናቷ የብርጭቆዋን ቂጥ ነበር የምታየው።

«ጥሩ ዕቃ ነው» አለ ጋሼ፣ ስክሪኑን እያየ። «ባለቤቱ በደንብ ይዞታል።»

«ጨዋ ሰው ነው» አለች እህቱ። «በዋጋው ጎዳነው።»

«ምን ጎዳችሁት። ተስማምቶ ነው የሸጠው።»

ከደነውና ለልጅቷ አቀበላት። ልጅቷ ገንዘቡን ልትመልስለት እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿን መልሶ አጠፈላት። «ለቦርሳ ይሁንሽ። ያለ ቦርሳ ይጋጭብሻል።» ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ። እህቱ ሁልጊዜ እስከ መንገዱ ድረስ ነው የምትሸኘው፤ ዛሬ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። «ደህና አምሹ» አለ በሩ ላይ ሆኖ፣ ወደኋላ ሳይዞር።

ብርቱካኑ እንደተቋጠረ ነው። ሻዩ የተጠጣበት ብርጭቆ ገና አልተነሳም። የልጅቷ ስልክ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፤ ልጅቷ አየችው፣ ምንም ሳትናገር ለእናቷ ሰጠቻትና ላፕቶፑን ታቅፋ ከቺፑዱ ወዲያ ሄደች። የጻፈው «ታማኝ ሻጭ» ነው። እህቴ አላለም፤ ሰላምታም የለው። «ዋጋውን ልጨምር ስትዪ አውቀሽ ነበር?» ብቻ ይላል። እናትየዋ «አላወቅኩም» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። «የቱን?» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ዋጋ ለማስቀነስ ቃል አጥሯት የማታውቀው መቀስ፣ ወንድሟን የምትመልስበት አንዲት ቃል ቸገራት። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ስትለምነኝ አላወቅኩም። እሺ ስልህ ግን አውቄ ነበር፤ መጋረጃውን ፎቶው ላይ አይቼው። ዝም ያልኩት ሰባቱ ሺህ ስለተረፈኝ ነው» ብላ ላከችው፤ ከላከችው በኋላ ግን መልሳ ልታጠፋው ተመኘች። «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት መጣ፤ ጠፋ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ጠፋ። ብዙ ቆይቶ፣ «ቻርጀሩን ከሥሩ አታጥፉት፤ ይበጠሳል» የሚል ደረሳት። ዓይኗን ሳትነቅል ሌላ ተከተለው።

«የሚመጣው ቅዳሜ እናንተ ኑ። ቀለም መቀባቱ አልቋል።»

ደጋግማ አነበበችው። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና ማሽኑ ጋ ሄዳ ተቀመጠች፤ የክሊኒኩን መጋረጃ ወደ ፊቷ ስባ፣ ድምፅዋን ውጣ፣ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ልጅቷ ከቺፑዱ ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰማች፤ እንዳልሰማችም ሆነች።